ለአያቴም የሚናገር ቲቪ፦ ለሁሉም የሚመች ሜኑ እንዴት ይሰራል?

አያቴን ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል። አንድ ቀን ቤት ብቻቸውን ሆነው ድምፅ ልጨምር ሲሉ ሳያውቁት የምስሉን ምንጭ የሚቀይረውን «ሶርስ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ጥጉ ላይ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ማታ ስንገባ ሰማያዊው ስክሪን ፊት ተቀምጠው «ቲቪው ዝም አለኝ» አሉን። ቲቪውማ ተናግሯል። የተናገረው ግን በጽሑፍ ብቻ ነው።

የቲቪ አፕ ወይም የሪሲቨር ሜኑ የምትሰሩ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ትዕዛዙ ቢያንስ በሁለት መንገድ ይሰጥ፤ መልሱም በዓይንም በጆሮም ይድረስ።

1. ሪሞቱን ስጡና ዝም በሉ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ማየት ወይም መስማት የሚቸገር ሰው ቤት ሂዱ። ሦስት ነገር ብቻ እንዲሞክር ጠይቁት፦ ድምፅ መጨመር፣ ቻናል መቀየር፣ ከጠፋበት ገጽ መመለስ። አትርዱት። ጣቱ የት ላይ እንደሚቆም ጻፉ።

5 ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት ታውቋታላችሁ? እሷን በጣት ያገኘ ሰው ሌላውን ቁጥር ሳያይ ያገኘዋል። እኛ ቤት ግን ሪሞቱ እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ እብጠቷ አትዳሰስም። ሪሞቱንም የምትሰሩት እናንተ ከሆናችሁ ምልክቱን ጎላ አድርጉት። የድምፅና የቻናል ቁልፎች ቅርጻቸው ይለያይ።

እ.ኤ.አ. በ1956 ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ቲቪ ሠሪ ያወጣው ሪሞት ባትሪ እንኳ አልነበረውም። ቁልፉ ሲጫን ውስጡ ያለች መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፤ ቲቪው ለሰው ጆሮ የማይሰማውን የዘንጉን ድምፅ ይሰማል። ሰውየው ጆሮ ጋ የሚደርሰው «ቀጭ» የሚለው ነው። መጫኑን ጣቱም ጆሮውም ያውቃሉ። የዛሬዎቹ ለስላሳ ቁልፎች ይሄን አጥተዋል።

2. ሜኑው ይናገር

ቲቪ እንደ ስልክ በጣት አይነካም። የምርጫው ምልክት ከሳጥን ወደ ሳጥን በሪሞቱ የቀስት ቁልፎች ይሄዳል። ስለዚህ ባረፈበት ሁሉ ስሙ ይነበብ። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ቦታ፦ «ዜና፣ ከስድስቱ ሁለተኛ»። ገልብጣችሁ «ከስድስቱ ሁለተኛው ሳጥን ዜና ነው» ካላችሁ፣ ሰውየው ዜና መሆኑን ለመስማት በየሳጥኑ ሲጠብቅ ይመሻል። ቀጣዩን ቁልፍ ሲጫን ንባቡ ወዲያው ይቋረጥ። ሜኑው ሲያወራ የፕሮግራሙ ድምፅ ዝቅ ይበል እንጂ አይጥፋ።

አንድሮይድ ቲቪ ላይ ንባቡን ቶክባክ የተባለው ስክሪን አንባቢ ይሰራላችኋል፤ ግን ለእያንዳንዱ ቁልፍና ምስል ስም ከሰጣችሁ ነው። ፖስተሩ ላይ የተሳለ ርዕስ ብቻውን አይበቃም፤ በጽሑፍም አስገቡት። መሣሪያው ጥሩ አማርኛ የማያነብ ከሆነ አትጨነቁ። የአንድ ሜኑ ቃላት ስንት ቢሆኑ ነው? ጥርት አድርጋ የምትናገር እህት ካለቻችሁ በስልክ ቅዷት።

3. ሶፋው ላይ ሆናችሁ አንብቡት

ፊደላችን በትንሽ ጭረት ነው የሚለየው፦ «ለ» እና «ሉ»፣ «በ» እና «ቡ»። ላፕቶፕ ላይ ያማረው ጽሑፍ ከሦስት ሜትር ሲታይ ጭረቱ ይጠፋል። የጽሑፉና የጀርባው ንፅፅር (የድምቀት ልዩነት) ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ የሚጠይቀው ይህን ነው። የተመረጠውን ሳጥን በቀለም ብቻ አትለዩት፤ ወፍራም ክፈፍ ጨምሩበት።

4. በድምፅ ብቻ የሚሰራ ነገር አይኑር

ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ጥሩ ነው። ግን ሕፃን ሲተኛ ወይም ሰውየው የሚንተባተብ ሲሆንስ? ያው ትዕዛዝ በቁልፍም ይገኝ። በቀስት ፊልሙ ላይ አርፎ «ይሄን ክፈት» ማለት ግን ደስ ይላል። «ቢፕ» የሚል ሁሉ ስክሪን ላይም ምልክት ይኑረው፤ ሰብታይትል በአንድ ቁልፍ ይከፈት።

5. መብራት ሲመጣስ?

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቲቪው የነበረበት ቻናል ላይ ይከፈት። ሶርስ ሲቀየር ይናገር፤ እንዴት እንደሚመለስም ይንገር።

የመጀመሪያውን ሙከራ ለአያቴ ሳስይዛቸው የሚናገረው የእህቴ ድምፅ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ይቺ ልጅ ወሬ አበዛች፤ ዝም አትልም?» አሉኝ። የንባቡን መጠንና ፍጥነት መቀነሻ ያስገባሁት ያኔ ነው።