በኪቶ አመጋገብ ላይ ሌሊት የሚነሳውን የባት ክራምፕ እንዴት ማስታገስ ይቻላል?

ኪቶ፣ ማለትም ካርቦሃይድሬትን በጣም ቀንሶ ስብን የሚያበዛው አመጋገብ፣ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ባት ሳይታሰብ ሽምቅቅ ብሎ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እግርን መዘርጋትም ማጠፍም ያቅታል፤ ጠዋት ደግሞ ቦታው በዱላ የተመታ ያህል ያማል። ብዙ ሰው "ብርድ መትቶኝ ነው" ብሎ ጋቢ ይደርባል። ኪቶ በጀመረ ሰው ላይ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የጨው ማነስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቦሃይድሬት በቀን ከ50 ግራም በታች ሲወርድ ኢንሱሊን ይቀንሳል። ኩላሊት ሶዲየምን (ጨው ውስጥ ያለውን ማዕድን) ይዞ እንዲያቆይ ከሚያደርጉት አንዱ ኢንሱሊን ስለሆነ፣ እሱ ሲቀንስ ጨው በሽንት ይወጣል። በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን፣ ሲያልቅ ደግሞ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚታየው አስደሳች ቅናሽ በአብዛኛው ይኸው ውሃ ነው። ሰውነት የቀረውን ሶዲየም ለማዳን አልዶስተሮን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ አልዶስተሮን ግን ሶዲየምን ሲያስቀር ፖታሲየምን ያስወጣል። ስለዚህ ጨው ሳይስተካከል የፖታሲየም ኪኒን ፍለጋ መውጣት ሥራውን ከጅራቱ መጀመር ነው።

እንጀራ በልቶ ላደገ ሰው ሌላም ምክንያት አለ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 180 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም፣ ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ደግሞ ፖታሲየም አለው። እንጀራው፣ ሽሮውና ምስሩ ከገበታው ሲነሱ ዋነኛው የማግኒዥየም ምንጭ አብሮ ይነሳል። በምትኩ የመጣው ቀይ ስጋ በ100 ግራም ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው፤ ቅቤማ ከነጭራሹ የለውም ማለት ይቻላል።

ከመጀመርዎ በፊት

የኩላሊት በሽታ፣ የልብ ድካም ወይም የደም ግፊት ካለብዎ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ከዚህ በታች ያሉትን የጨውና የማግኒዥየም መጠኖች ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይሞክሩ። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን የተባሉትን የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው በፖታሲየም ክሎራይድ የተሠራ "የጨው ምትክ" መጠቀም የለበትም፤ ፖታሲየም በደም ውስጥ ከልክ ሲያልፍ የልብ ምትን ያዛባል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል ኪቶ ቢጀምር ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን በተባሉት የስኳር መድኃኒቶች ላይ ካሉ ኪቶን ባይጀምሩት ይሻላል፤ ስኳሩ ብዙ ከፍ ሳይል ኬቶአሲዶሲስ፣ ማለትም ደም በአደገኛ ሁኔታ አሲዳማ መሆንን፣ ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ሲይዝዎ

ጣቶችዎን ወደ ታች አይዘርጉ። በእንቅልፍ ልብ ሰውነት የሚያዘው እንደዚያ ነው፣ ባቱን ግን ይብሱን ያሳጥረዋል። ቁጭ ይበሉ፣ ጉልበትዎን ቀጥ ያድርጉ፣ የእግርዎን ጣቶች በእጅዎ ወይም በነጠላ ጠልፈው ቀስ ብለው ወደራስዎ ይሳቡ። ሳይነቀንቁ እስኪለቅ ድረስ ይያዙት፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መነሳት ከቻሉ ተረከዝዎን ወለሉ ላይ አጥብቀው ይቁሙ። ከለቀቀ በኋላ ባትዎን ከታች ወደ ላይ ይሹት፣ ጥቂት እርምጃ ይራመዱ። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ ባት ሥር ማስቀመጥ የቀረውን ሕመም ያለዝባል።

ደረጃ 2፦ ጨው

አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ሶዲየሙ 2,300 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ኪቶን የሚያዙ ባለሙያዎች በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ሶዲየም ይመክራሉ፣ ምግብ ውስጥ ያለውን ጨምሮ። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ ከሚመክረው 2 ግራም በላይ ስለሆነ ለጤነኛ ኩላሊትና ለጤነኛ ግፊት ብቻ የሚሆን ነው።

በተግባር ከተለመደው ምግብዎ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። ይህ በጠቅላላው 1,200 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ነው። በባዶ ሆድ በውሃ በጥብጠው ከጠጡት ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። በመረቅ ይሻላል፦ 1 ኪሎ የበሬ አጥንት በ3 ሊትር ውሃ፣ በዝግታ ለ3 ሰዓት ያህል ይቀቀል። ጨዉን ድስቱ ውስጥ አይጨምሩ። መረቁ እየተነነ ስለሚወፍር መጨረሻ ላይ ስንት ጨው እንደጠጡ አያውቁትም፤ ስለዚህ ሲኒው ወይም ኩባያው ላይ ይለኩት። አጥንቱ ራሱ የሚሰጠው ማዕድን ጥቂት ነው፣ ሥራውን የሚሠሩት ጨዉና ውሃው ናቸው። በተዘጋጀ የሾርባ ኩብ ከተጠቀሙ ጨዉ አብሮት ስላለ አይደርቡበት። በአንዳንድ የገጠር አካባቢዎች ቡና በጨው ይጠጣል፤ ለኪቶ ሰው መጥፎ ልማድ አይደለም።

አንዱ ኩባያ ከጠዋት፣ ሌላው አመሻሽ ላይ ይሁን። ከመኝታ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቢጠጡት ሌሊቱን ለሽንት ሲነሱ ያድራሉ። የክራምፑ መንስኤ ጨው ከሆነ ለውጡ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይታያል። ውሃን በተመለከተ ጥምዎን ይከተሉ። "ኪቶ ላይ ውሃ አብዛ" የሚለውን ምክር ሰምተው ጨው የሌለው ውሃ በሊትር በሊትር የሚጠጡ ሰዎች የቀረቻቸውን ሶዲየም ያቀጥናሉ፣ ክራምፑም ይብስባቸዋል።

ደረጃ 3፦ ከሳህኑ ላይ የጎደለውን መመለስ

100 ግራም የበሰለ ቆስጣ 550 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየምና 85 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዥየም አለው። 100 ግራም አቮካዶ፣ ማለትም የመካከለኛው ግማሽ፣ ወደ 480 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ይሰጣል። የጁስ ቤቱ አቮካዶ ስኳር ስለሚገባበት አይቆጠርም። የዱባ ፍሬ በ30 ግራም ወደ 150፣ ሰሊጥ ወደ 100 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም አላቸው። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በሁለት የሾርባ ማንኪያ 55 ገደማ ይሰጣል፣ ያለ ማርና ያለ ስኳር ከተጠጣ።

እዚህ ላይ በየቤቱ የሚሠራ አንድ ስህተት አለ። ጎመን ወይም ቆስጣ ተቀቅሎ ይጨመቅና አረንጓዴው ውሃ ይደፋል። ፖታሲየም በውሃ ስለሚሟሟ ብዙው የሚሄደው ከዚያ ውሃ ጋር ነው። ቅጠሉን በቅቤ ወይም በዘይት፣ በትንሽ ውሃ፣ ክዳን ገጥመው ያብስሉት። የግድ ከቀቀሉት ደግሞ ውሃውን ጨው ጨምረው ይጠጡት፤ በጾም ወቅት የአጥንት መረቅን የሚተካው ይኸው ነው።

ደረጃ 4፦ የማግኒዥየም ኪኒን

ይህ የሚመጣው ከጨዉ በኋላ ነው። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የሌሊት ክራምፕ ማግኒዥየም ከአስመሳይ ኪኒን እምብዛም እንዳልተሻለ ጥናቶች አሳይተዋል። ምግቡ ውስጥ በእርግጥ ለጎደለበት ሰው ግን መሞከሩ ተገቢ ነው። ሲትሬት ወይም ግላይሲኔት የተባለውን ይምረጡ። ኦክሳይዱ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ስለሆነ ቀሪው ሆድ ያላላል። ዕቃው ላይ የሚያነቡት ቁጥር የውህዱ ሳይሆን የማግኒዥየሙ ለብቻው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ከእራት ጋር በ200 ሚሊ ግራም ይጀምሩ፣ ከኪኒን ብቻ የሚያገኙት በቀን ከ350 እንዳይበልጥ። ለውጥ ለማየት ሁለት ሦስት ሳምንት ይስጡት። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ያራርቅ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከማግኒዥየሙ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል።

ኪኒን ካነሳን፣ ቃሉ ራሱ የመጣው ከወባው መድኃኒት ከኩዊኒን ነው፤ ድሮም ለእግር ክራምፕ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ለዚህ አይወሰድም። ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ፕሌትሌቶች አደገኛ በሆነ መጠን ስለሚያወርድና የልብ ምትን ስለሚያዛባ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2010 አስጠንቅቋል።

ደረጃ 5፦ አልጋው

ከመተኛትዎ በፊት ከግድግዳ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ፣ መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፣ ጉልበትዎ ቀጥ ብሎ ተረከዝዎ ወለሉን እንደነካ ወደፊት ያዘንብሉ። 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ተረከዝ ከተነሳ ባቱ አይሳብም፣ ልፋቱም ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ ሰዎች ባትንና የጭን ኋላን እንዲህ በየማታው ለስድስት ሳምንት ሲያፍታቱ የሌሊት ክራምፑ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል።

ከባድ ብርድ ልብስ ከፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ ሲጠብቅ በጀርባ የተኛን ሰው ጣቶች ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ይጫናል። የግርጌውን ጫፍ ይፍቱት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካልተሻለዎት

አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ መታሸትም የለበትም። ሲራመዱ ይዞ ሲቆሙ የሚለቅ ሕመም የደም ሥር መጥበብን ያመለክታል። ሽንት የሚያበዙ የግፊት መድኃኒቶች፣ የኮሌስትሮል ስታቲንና የአስም ሳልቡታሞልም ጡንቻ ሊያሸማቅቁ ስለሚችሉ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ምርመራው ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን ክሬአቲኒን ቢያካትት ጥሩ ነው። የማግኒዥየሙ ውጤት "ልክ ነው" ቢባልም ጉድለት የለም ማለት አይደለም፤ ደም ውስጥ ያለው ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም። ምርመራው ምንም ካላሳየና ክራምፑ አልለቅ ካለ ካርቦሃይድሬቱን ከ20 ወደ 50 ግራም፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ከፍ ያድርጉት፤ ኢንሱሊኑ ትንሽ ከፍ ሲል ኩላሊት ጨዉን መልሶ መያዝ ይጀምራል።