ማኖር ሎርድስን ስትጀምሩ የመጀመሪያ መንደራችሁን እንዴት ታቆማላችሁ?

ማኖር ሎርድስ የሚባለው መንደር የሚገነባበት የኮምፒውተር ጌም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2024 ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ሲወጣ በአንድ ቀን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በአብዛኛው የሠራው አንድ ፖላንዳዊ ነው፤ ለገበያ የቀረበውም ገና ሳያልቅ ነው። እኔ ማታ ማታ ዘና ለማለት የምጫወት ሰው ነኝ። ከተማ በሚገነባባቸው ሌሎች ጌሞች ላይ መንገድ ዘርግቼ ቤት መደርደር ነው የለመድኩት። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ቤት ለመሥራት ዛፍ ይቆረጣል፣ ግንዱን በሬ ይጎትተዋል፣ ሰዎቹም በእግራቸው ሄደው ያቆሙታል። ስለዚህ አትቸኩሉ፣ መንደሩን ትንሽ አድርጋችሁ ያዙት።

መጀመሪያ ጦርነት የሌለበትን አማራጭ ምረጡ። ሽፍታውና ባላንጣው ባሮን ይቆይላችሁ። ካርታው ላይ ስትገቡ አምስት ቤተሰብ፣ ድንኳን፣ ጥቂት ስንቅና አንድ በሬ ታገኛላችሁ። ግንድ የሚጎትተው ያ በሬ ብቻ ስለሆነ እሱ ሥራ ከበዛበት ግንባታው በሙሉ ይጓተታል። እንጨት መቁረጫውን ጫካው ጥግ ሥሩት፣ ግን ከመንደሩ አታርቁት። ገንዘባችሁንም ቶሎ አትበትኑ፣ ሁለተኛ በሬ ግዙበት። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ ጎተራና መጋዘን። ስንቁ ሜዳ ላይ ነው የተከመረው፣ ዝናብ ሲመታው ይበላሻል።

አሁን ወደ ቤት። ለእኔ የጌሙ ምርጥ ነገር ይሄ ነው። የግቢውን አራት ማዕዘን የምትተክሉት እናንተ ናችሁ፤ መንገዱ ጠማማ ከሆነ ግቢውም ተከትሎት ይጣመማል፣ እናም አንዱ መንደር ሌላውን አይመስልም። ከቤቱ ጀርባ በቂ ቦታ ከተዋችሁ ጓሮ ይኖረዋል፣ እዚያ ዶሮ ወይም ፍየል ማርባት ወይም አትክልት መትከል ይቻላል። ለዶሮና ለፍየል ጠባብ ቦታ ይበቃል። የአትክልቱ ምርት ግን እንደ ጓሮው ስፋት ነው፣ ስለዚህ የሁለት ሦስት ቤት ጓሮ ሰፋ ይበል። ሁሉንም አታስፉ፣ ቤተሰቡ ሲኮተኩት ውሎ ሌላው ሥራ ይበደላል። ቤቶቹ ሲያልቁ ካሜራውን አውርዳችሁ በመንደሩ ውስጥ በእግር መሄድም ትችላላችሁ። ይሄን ሳትሞክሩ እንዳታልፉ፣ በጣም ደስ ይላል።

ከዚያ የበረዶው ወቅት ይመጣል። ሰዎቹ ያኔ ማገዶ በእጥፍ ይፈጃሉ፤ የጫካ ፍሬም አይገኝም። ስለዚህ ማገዶ ቆራጭ፣ ፍሬ ለቃሚና አዳኝ ቀደም ብላችሁ መድቡ። አዳኙ ሁሉንም አውሬ እንዳይጨርስ የአደን ገደቡን አትንኩት፣ አውሬዎቹ ካለቁ ተመልሰው አይበዙም። የውኃ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ገበያ ክለሉ፣ አቅም ሲኖር ትንሿን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሥሩ። የሕዝቡ እርካታ ከ50 በመቶ ካለፈና ባዶ ቤት ካለ በየወሩ አዲስ ቤተሰብ ይመጣል። ከ75 ካለፈ ሁለት ይመጣሉ፣ ግን ያኔ የሚበላ ነገር መኖሩን አረጋግጡ።

እርሻውን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት። መጀመሪያ የአፈሩን ለምነት የሚያሳየውን ካርታ ክፈቱ፤ ለስንዴ የሚሆነው መሬት ለገብስ ወይም ለተልባ ላይሆን ይችላል። ማሳውን ረዘም ጠበብ አድርጋችሁ ከልሉት፣ ለማረስ ይመቻል። ደግሞ ሦስት ማሳ ይኑራችሁና በየዓመቱ አንዱን ጦም አሳድሩት። የእኛ አገር ገበሬ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ይሄን ክፍል ለመልመድ ብዙ አልተቸገርኩም። እህሉን ካጨዱ በኋላ ወፍጮና ዳቦ መጋገሪያ ያስፈልጋል፣ ለእነሱም ሰው መመደብ አትርሱ። ትርፍ ቤተሰብ ከተገኘ ደግሞ የንግድ ጣቢያ ክፈቱና ከጎተራ የተረፈውን ሽጡ።