የኒውክሌር ዜና ስትሠሩ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጣ የጦርነት ወሬ ድሬዳዋ ሲደርስ ወሬ ሆኖ አይቀርም። ዕቃችን በጅቡቲ ነው የሚገባው። «ኢራን ቦምብ ሠራች» የሚል አንድ የቴሌግራም ርዕስ ቀፊራ ገበያ ላይ ዋጋ ለመጨመር ሰበብ ፈላጊ አያጣም። እናም ለሬዲዮም ሆነ ለቴሌግራም ቻናል የውጭ ዜና የምታዘጋጁ የድሬ ልጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ከሁሉም የሚብሰው ማበልጸግንና ቦምብን አንድ ማድረግ ነው። ከመሬት በሚወጣ ዩራኒየም ውስጥ ዩራኒየም 235 የሚባለው 0.7 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ማበልጸግ ማለት ይህን ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው። ለአብዛኛው የኒውክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይበቃል። ለጦር መሣሪያ 90 በመቶ አካባቢ ይፈለጋል። ከአሜሪካና ከሌሎች ኃያላን አገሮች ጋር በ2015 በተደረገው የኒውክሌር ስምምነት ኢራን ከ3.67 በመቶ እንዳታልፍ ተገድባ ነበር። አሜሪካ በ2018 ከስምምነቱ ወጣች፤ ኢራን በ2021 እስከ 60 በመቶ ማበልጸግ ጀመረች። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እናንተም ይህን ሳትጠቅሱ አትለፉ፤ አለዚያ አድማጩ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ውስጥ ይገባል።)

60 በመቶ ቦምብ አይደለም። ዩራኒየሙ ወደ ብረታማ መልክ መለወጥና መቀረጽ አለበት። ማፈንጃ ያስፈልገዋል። ሚሳኤል ላይ መግጠም ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ግን «ገና 30 በመቶ ይቀራታል» ብሎ ማረጋጋትም ስህተት ነው፤ ይሄኛው ብዙ ጋዜጠኛ ያመልጠዋል። የማበልጸግ ከባዱ ሥራ መጀመሪያው ላይ ነው። 60 የደረሰ አገር አብዛኛውን ድካም ጨርሷል።

ሁለተኛው፣ ማን እንዳለው ሳይጠቅሱ ማለፍ ነው። ቪየና ያለው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎቹ ያገኙትን በሪፖርት ያወጣል። መንግሥት ግን ተቀናቃኙን ይከሳል። ሁለቱን «ተረጋገጠ» በሚል አንድ ቃል አትጠቅልሏቸው። በ2003 ኢራቅ ስትወረር ምክንያት የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት አልተገኘም። ወሬውን ያናፈሱት ደግሞ ተራ ጋዜጦች አልነበሩም። ኒውዮርክ ታይምስ ራሱ በ2004 ዘገባዎቹ ጥንቃቄ እንደጎደላቸው ለአንባቢ ጽፏል።

እንጉዳይ የመሰለ ጭስ ሁሉ ኒውክሌር አይደለም። ነሐሴ 2020 ቤይሩት ወደብ ላይ የፈነዳው 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ነበር። ቪዲዮው በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ «አቶም ቦምብ ነው» ያሉ ብዙ ነበሩ። ማንኛውም ትልቅ ፍንዳታ እንዲህ ዓይነት ጭስ ሊያወጣ ይችላል። የቪዲዮ ጌም ምስልን የጦር ሜዳ ነው ብሎ መለጠፍማ አይወራም።

ኪሎቶን የቦምቡ ክብደት አይደለም። ሂሮሺማ ላይ የተጣለው 15 ኪሎቶን ነው ሲባል 15,000 ቶን ቲኤንቲ የሚባለው ፈንጂ ያህል ኃይል ነበረው ማለት ነው። ቦምቡ ራሱ ወደ 4.4 ቶን ይመዝን ነበር። የኒውክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫም እንደ አቶም ቦምብ አይፈነዳም፤ ዩክሬን ውስጥ ባለው የዛፖሪዥያ ማመንጫ የሚፈራው የጨረር መፍሰስ ነው።

መቅደም የሚያምራችሁ ደግሞ፣ አቦ ተረጋጉ። ጥር 2018 ሃዋይ ላይ «ሚሳኤል እየመጣ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ከራሱ ከመንግሥት ቢሮ በስህተት ለሕዝቡ ስልክ ተላከ። ማስተካከያው የመጣው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው። እናንተም ከተሳሳታችሁ ማስተካከያውን ስህተቱ በወጣበት ቻናልና ፕሮግራም ላይ ልቀቁት። መልእክቱን ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም፤ ፎርዋርድ የተደረገው ሳቢያን ሰፈር ደርሷል።