ከተረፈ ሥጋና ከደረቅ ጥራጥሬ የሚሠራ ሾርባ፦ የት ይበላሻል? እንዴት ይስተካከላል?

ከበዓል ማግስት ፍሪጅ ውስጥ ምን እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ግማሽ ሳህን ጥብስ፣ ተግጦ መቅኒው ያልወጣ አጥንት፣ ከቅቅል የቀረ ቁራጭ። ለብቻው ቤተሰብ አያጠግብም፤ መጣሉም ያሳሳል። ግማሽ ኪሎ ሽምብራ፣ አተር ወይም ባቄላ ሲታከልበት ግን አምስት ስድስት ሰው ጠግቦ የሚነሳበት ወፍራም ሾርባ ይወጣዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥራጥሬው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ውሃው ይደፋና በ2 ሊትር ተኩል አዲስ ውሃ ከአጥንቱ ጋር ይጣዳል። ሲበስል ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና ካሮት ይገባል። የተረፈው ሥጋ መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ይህ ተራ ሲዛባ ነው።

«ሁለት ሰዓት አፈላሁት፣ ሽምብራው ግን ጠጠር ነው»

ከሁሉም የሚበዛው ቅሬታ ይህ ነው። መጀመሪያ ቲማቲም መቼ እንደገባ አስታውሱ። ቲማቲምም ሎሚም አሲድ አላቸው፤ አሲድ ደግሞ ጥራጥሬው እንዳይፈርስ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ቲማቲም የሚገባው ጥራጥሬው በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ከሆነ በኋላ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ጨውን ይወቅሳል። ያለ ጥፋቱ ነው። እንዲያውም መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ትንሽ ጨው ቢጨመር ቆዳው ይለሰልሳል። ሾርባው ውስጥ ጨው የምናዘገየው በሌላ ምክንያት ነው፤ ወደታች እመጣበታለሁ።

ቲማቲም ካልገባ የጥራጥሬውን ዕድሜ ጠርጥሩ። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ብዙ ወር የተቀመጠ ጥራጥሬ ውስጡ ይጠናል፤ ከዚያ በኋላ ቢያፈሉት ቢያፈሉት አይፈርስም። ባሕር ዳር ውስጥ ክረምቱን በጆንያ ያሳለፈ ባቄላ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ገበያ ስትሄዱ «የዘንድሮ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቆየው ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ነቀዝ የበሳውንም አትግዙ።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ማዕድን የበዛበት ውሃም ጥራጥሬ ያጠነክራል። መድኃኒቱ ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ለግማሽ ኪሎ ጥራጥሬ ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ካለፈ ሾርባው ሳሙና ሳሙና ይላል። ሱቅ ስትልኩ ደግሞ ሶዳ መሆኑን አስረግጣችሁ ንገሩ። ቤኪንግ ፓውደር ውስጡ አሲድ ስላለው ይህን ሥራ አይሠራም፤ ልጆች ሁለቱን ቀያይረው ማምጣት ይወዳሉ።

ከፍታም አለ። ጣና ዳር የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ100 አይደለም። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ «አንድ ሰዓት» ቢል እናንተ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ይገላገላል፤ ከሰሉም ይተርፈዋል።

«ሥጋው እንደ ገመድ ሆነ»

ጥብስ አንዴ በስሏል። ከሽምብራው ጋር እኩል ሁለት ሰዓት ስታፈሉት ያለችው እርጥበት ትወጣና ክሩ ብቻ ይቀራል። አጥንቱን ከመጀመሪያው ጣዱ፤ መቅኒውና ጅማቱ ነው መረቁን የሚያወፍረው። ሥጋውን ግን በትንሹ ቆራርጡና ሾርባው ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ጨምሩ። ዘግይቶ ይግባ እንጂ እየተንተከተከ በደንብ መፍላት አለበት፤ ለብ ብሎ ብቻ አይውጣ። ጅማት የበዛበት የቅቅል ሥጋ ከሆነ ቀድሞ ቢገባ ችግር የለውም።

«ጨው በዛበት»

የተረፈ ሥጋ የራሱን ጨው ይዞ ነው የሚመጣው። ጥብስ፣ በተለይ ደግሞ ቋንጣ። ጨው የምናዘገየው ለዚህ ነው፦ ሥጋው ገብቶ አንዴ ከፈላ በኋላ ቅመሱ፣ ከዚያ ጨምሩ። አንዴ ከበዛ «ድንች ጣልበት፣ ጨዉን ይመጠዋል» የሚለውን ምክር አልደግፍም። ድንች ጨዋማ ውሃ ይጠጣል እንጂ ጨዉን ለይቶ አያወጣም። የሚሠራው ፍል ውሃ መጨመር ነው፤ መረቁ እንዳይቀጥን ደግሞ ያለ ጨው የተቀቀለ ጥራጥሬ ወይም አንድ ጭብጥ ሩዝ ጨምሩበት።

«ውሃ ሆነ» ወይም «ከሥር ያዘ»

ለቀጠነው፦ ሁለት ጭልፋ ጥራጥሬ አውጡ፣ በማማሰያ ጀርባ ፍጩትና መልሱት። የፎገራ ሩዝም ጥሩ ያወፍራል፤ ዋጋውም አይጎዳም። ሽሮ የሚበትኑም አሉ። ያወፍራል፣ ግን ሾርባው ወጥ ይሆንባችኋል።

ከሥር ከያዘ አታማስሉት። የላይኛውን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፣ ያረረውን ተዉት። ክክ ከሙሉው ጥራጥሬ በበለጠ ከሥር ይይዛል፤ እሳቱን ቀንሱለት።

«መረረ»

ሦስት ነገር አስቡ። ያረረ ነጭ ሽንኩርት፣ የበዛ አብሽ፣ ከጥብሱ ጋር የገባ የጥብስ ቅጠል። ቅጠሉን ሥጋው ድስት ውስጥ ሳይገባ ልቀሙት። ለአብሽ ምሬት ትንሽ ካሮትና ድንች ያግዛል። ላረረ ነጭ ሽንኩርት መፍትሄ የለም።

«ጎመዘዘ፣ አረፋ አወጣ»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ይደፋ። ቲማቲም ሳይገባ የጎመዘዘ፣ ሳይጣድ አረፋ የሚያወጣ ሾርባ ተበላሽቷል። «እንደገና ካፈላሁት ይድናል» የሚባለው ስህተት ነው። ማፍላት ተሕዋሲያኑን ቢገድልም አንዳንዶቹ ትተውት የሚሄዱትን መርዝ አያጠፋውም።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አቀማመጡ ነው። ፋሲካ የሚውለው የባሕር ዳር ሙቀት በሚበረታበት ሰሞን ነው፤ የቅርጫው ሥጋም የሚበዛው ያኔ ነው። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ሲብስበት ደግሞ ከ1 ሰዓት። ትልቅ ድስት ከነትኩሱ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ያድራል። በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሉት፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከዚያ ፍሪጅ። እዚያ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ እንደተዘጋ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ለጾመኛ አንድ ነገር ልጨምር። ማክሰኞ ማታ የተረፈ ሥጋ ረቡዕን ዘሎ ሐሙስ ነው የሚበላው። ስለዚህ እዚያው ማክሰኞ ማታ ፍሪጅ ይግባ፤ «ነገ አየዋለሁ» አይባልም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ነገሩ ይቀላል።

«ከበላን በኋላ ሆዳችን ተረበሸ»

መንፋት ብቻ ከሆነ መዘፍዘፊያውን ውሃ ሳትደፉ ቀርታችሁ ይሆናል። ድፉትና ጥራጥሬውን በአዲስ ውሃ እጠቡት። ማስመለስ ካለበት ግን የገባው ቀይ ቦሎቄ እንደሆነ አጣሩ። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ መርዝ አለ። ቢያንስ 5 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ መጀመሪያ 30 ደቂቃ በኃይል እየተንተከተከ ይፍላ። ከዚያ በኋላ ነው እሳት የሚቀነሰው። በደከመ ከሰል ላይ ቀኑን ሙሉ ለብ ብሎ የዋለ ቦሎቄ አደገኛ ነው።

ጓያንም ለዚህ ሾርባ አልመክርም። በደንቢያና በፎገራ በሰፊው ይዘራል፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ በሽታው አይመለስም። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ክክ ስትገዙ ዋጋው ከገበያው በጣም ከወረደባችሁ ጓያ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

«ሥጋ የለኝም፣ የተረፈ የጣና ዓሣ ግን አለ»

ይሆናል። ቆሮሶም አምባዛም ቢሆን እሾሁን ልቀሙና ሾርባው ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ይፈራርሳል። አጥንቱንና ጭንቅላቱን ለብቻው 20 ደቂቃ ቀቅላችሁ መረቁን አጥልሉ። ከዓሣ ጋር የሚሄደው ምስር ነው፤ ሽምብራ ይከብደዋል።