ይገባል፣ አይወጣም፦ የዲያሊሲስ ካቴተር ላይ ደም ሲረጋ

ይህ ጽሑፍ እዚህ ጎጃም ውስጥ በኩላሊት እጥበት ክፍል ለምንሠራ ባለሙያዎች የተዘጋጀ በመሆኑ፣ የካቴተሩ (ደም ለእጥበት የሚወጣበትና የሚመለስበት ቱቦ) መታጠፍ፣ የክላምፑ (የመስመሩ መቆለፊያ) መከፈትና የታካሚው አተኛኘት አስቀድሞ ታይቷል ብዬ እነሣለሁ።

ምልክቱ፦ ሳላይን (የጨው ውኃ) ያለ ችግር ይገባል፣ ደም ግን አይመለስም፤ ወይም የመሳቢያው ግፊት ከ −250 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እያለፈ ማሽኑ ደጋግሞ ይጮኻል።

መንስኤው፦ ካቴተሩ ገና ትናንት የገባ ከሆነ የጫፉ አቀማመጥ በኤክስሬይ ይታይ። ታካሚው በጾም ወይም በተቅማጥ ፈሳሽ አንሶት ከመጣ ጫፉ የደም ሥሩን ግድግዳ ስለሚስብ፣ ሐኪሙ ሲያዝ ፈሳሽ ይሰጠው። ለሳምንታት በደንብ ሲሠራ ቆይቶ ቀስ በቀስ የደከመ ከሆነ ግን ነገሩ እኔ ዘወትር የሚገጥመኝ ነው፤ ደም ሲረጋ የሚሠራው የፕሮቲን ክር፣ ፋይብሪን ነው።

ካቴተሩ የተሠራበት ፖሊዩሬቴን ደም በነካው ቅጽበት በፕሮቲን ስለሚሸፈን፣ ደም በማርጋት የሚሳተፈው ፕላትሌት የሚያገኘው ፕላስቲኩን ሳይሆን ይህንን ልባስ ነው። ቀድሞ የሚደርሰው ሞለኪውሉ አነስተኛ የሆነውና በሊትር ከ35 እስከ 50 ግራም የሚገኘው አልቡሚን ሲሆን፣ በሊትር ከ2 እስከ 4 ግራም ብቻ ያለው፣ ፋይብሪን የሚሠራበት ፋይብሪኖጅን ዘግይቶ ደርሶ ቀድመው የተቀመጡትን ያፈናቅላል፤ ይህ መፈናቀል በተመራማሪው በሊዮ ቭሮማን ስም ይጠራል። አልቡሚን የያዘው ገጽ በጎመን ዘር እንደታሰሰ ምጣድ ነው፣ አያጣብቅም። ፋይብሪኖጅን ግን በተለይ ውኃ የማይቀበል ገጽ ላይ ሲያርፍ ተዘርግቶ ቅርጹን ይለውጣል፤ በደም ውስጥ ሲንሳፈፍ ያልያዙት ፕላትሌቶችም ያን ጊዜ ይይዙታል። ጭረት ያለበት ገጽ ደግሞ ለዚህ ሁሉ መጠለያ ይሆናል።

ልባሱን ማስቀረት አንችልም። በእጃችን ያለው በሁለት እጥበቶች መካከል ካቴተሩ ውስጥ የሚያድረው ሄፓሪን፣ ማለትም ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መድኃኒት ነው፤ ስሕተቱም በብዛት የሚሠራው እዚያው ነው። የእያንዳንዱ መስመር መጠን በክላምፑ ወይም በመስመሩ ላይ ታትሟል፤ የቀዩና (ደም የሚሳብበት) የሰማያዊው (ደም የሚመለስበት) ብዙ ጊዜ በትንሹ ይለያያል። ይሁንና ሁሉንም በልማድ ሁለት ሁለት ሚሊ ሊትር የሚሞላ ባለሙያ አሁንም አለ። ሲበዛ ሄፓሪኑ ወደ ታካሚው ደም ይገባል፣ ሲያንስ ጫፉ ላይ ደም ይቀመጣል።

መጠኑ ልክ ሆኖም የሚያበላሸው የእጅ አሠራር ነው። አንድ አዛውንት ከሞጣ አካባቢ «ካቴተሩ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» ተብለው ተላኩብን። ከቀዩ መስመር የሳብኩትን አምስት ሚሊ ሊትር ጎዝ ላይ ሳፈሰው፣ የጤፍ አገዳ የሚያህል ጠቆር ያለ የረጋ ደም ቀረ። ከዚያ በኋላ መስመሩ እንደ ወትሮው ይስብ ጀመር። በቀጣዩ ቀን አንዲት ባልደረባዬ ስትዘጋ ቆሜ አየኋት፤ ሄፓሪኑን ጨርሳ ሲሪንጁን ነቀለች፣ ክላምፑን የዘጋችው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት ጫፉ ደም ወደ ውስጥ ይስባል። አውራ ጣት ከሲሪንጁ መግፊያ ሳይነሣ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እየተገፋች ክላምፑ ይዘጋ። ይህንን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አልቆጥረውም።

መፍትሄው፦ ያደረውን ሄፓሪን ሳትስቡ ምንም አታስገቡ። የሳባችሁትን ጎዝ ላይ አፍስሳችሁ እዩ፤ መልሳችሁ አታስገቡት። ካልሳበ በአሥር ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ በፍጹም ከዚያ ባነሰ ሳይሆን፣ ሳላይን በቀስታ እየሰጣችሁ ሞክሩ፤ ትንሽ ሲሪንጅ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። እንቢ ካለ አታስገድዱት፤ የተገፋው የረጋ ደም መድረሻው ሳንባ ነው። ሄፓሪን አዲስ መርጋትን ይከላከላል እንጂ የረጋውን አያሟሟም፤ ስለዚህ መጠኑን መጨመር ከንቱ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ አልቴፕሌዝ፣ ከተገኘ በሐኪም ትእዛዝ በየመስመሩ 2 ሚሊ ግራም ገብቶ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ቀዩንና ሰማያዊውን አለዋውጦ ማገናኘት የዕለቱን እጥበት ያስጨርሳል፤ ነገር ግን የታጠበው ደም ተመልሶ ስለሚሳብ የዘወትር ዘዴ ሊሆን አይገባም። መልሶ መላልሶ ከተዘጋ ጫፉን ከውጭ የሸፈነ የፋይብሪን ሽፋን ስለሚኖር መቀየሩ ግድ ነው።

ጥርሱ የማይይዝ ርካሽ ክዳን አትቀበሉ፤ በሚያፈስ ክዳን ሥር የላላ ክላምፕ ሲጨመርበት ሄፓሪኑ ይወጣል፣ ደም ይገባል። ካቴተሩን በጥርሳም መቆንጠጫ አትያዙ። አልኮል አንዳንድ ፖሊዩሬቴንን ይጎዳልና የአምራቹን ወረቀት ሳታነቡ መጥረጊያ አትቀይሩ።

አልፎ አልፎ፣ ሄፓሪን ከተጀመረ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የፕላትሌት ቁጥር በግማሽ ከወረደና መርጋቱ ከባሰ፣ በካቴተሩ ውስጥ የሚያድረውን ጨምሮ ሄፓሪን ሁሉ ቆሞ ሐኪሙ ወዲያውኑ ይጠራ።