አቃቂ ወንዝ አካባቢ ቤት ወይ ቦታ ላላችሁ (ወይ ልትገዙ ላሰባችሁ) የውጪ ሰዎች

ሰላም ናችሁ ወገን፣ እኔ አቃቂ ነው ያደኩት አሁን ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ እና በየሳምንቱ አንድ ሰው ሎኬሽን ልኮልኝ "እስቲ ይሄ ቦታ እንዴት ነው" ይለኛል። ቃሊቲ፣ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አባ ሳሙኤል መንገድ፣ ሁሉም እዛው ዙሪያ ነው። ለእያንዳንዱ በዋትሳፕ ቮይስ ከምልክ አንዴ ልጻፈውና ይለቀኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን እንወቅ። ትልቁ አቃቂ በምስራቅ በኩል ነው የሚመጣው፣ እነ ቀበና ሁሉ መጨረሻቸው እሱ ነው። ትንሹ አቃቂ ደሞ በምዕራብ፣ በገፈርሳ በኩል ተነስቶ በመካኒሳ በቃሊቲ አድርጎ ይወርዳል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ 2,100 ምናምን። ስለዚህ ከተማው ላይ የወረደ ዝናብ፣ ከጣራው ከአስፋልቱ ከኮብልስቶኑ ተጠራርጎ የሚመጣው ወደኛ ነው። እኛ ልጅ ሆነን ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሀይ እየሞቅን ወንዙ ደፍርሶ ግንድ ይዞ ሲመጣ አይተናል፣ እናቶች "ላይ ዘንቧል፣ ከወንዙ ውጡ!" ብለው ይጮሁ ነበር። ይሄን ደላላ አይነግራችሁም፣ አብዛኛው ደላላ ራሱም የሰፈሩ ልጅ አደለም።

የኔን ልንገራችሁ። የዛሬ ስንት አመት የአክስቴ ልጅ ቦታ አገኘሁልህ አለኝ፣ ጥር ላይ ነው፣ ቪዲዮ ኮል አድርጎ ዞሮ አሳየኝ፣ ሜዳ ነው ሳሩ ደርቋል ወንዙ ታች እንደ ቦይ ቀጥኖ ይታያል፣ እኔም "ውይ እንዴት ደስ ይላል፣ ንፋስም አለው" ብዬ ብሩን ላኩ። አጥር ታጠረ፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ተሰራ። ነሐሴ ላይ ዘበኛው ደውሎ "ጋሼ ውሃ ገብቷል" አለኝ፣ እኔ እኮ የቧንቧ መስሎኝ "ቆጣሪው ጋ ዝጋው" እያልኩት ነው። በነጋታው ፎቶ ላከ፣ ብሎኬቱ ላይ ሶስተኛው መስመር ድረስ ጭቃ ቀብቶት ሄዷል፣ በአጥሩ ላይ ፌስታልና የበቆሎ አገዳ ተንጠልጥሏል። በኋላ ወንድሜን ላኩትና እዛ ጥግ ላይ ጠላ የሚሸጡ አንድ እናት አሉ፣ እሳቸውን ጠየቃቸው። "ምነው ልጄ ሳትጠይቁን፣ እዚህ ጋ እኮ እኛ ክረምት ከብት እንኳን አናሰማራም ነበር" አሉት። በቃ። አንድ ጣሳ ጠላ ነበር የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፣ በጥር የተቀረፀ ቪዲዮ አይታችሁ ብር አትላኩ። ቸኩላችሁም ከሆነ ቢያንስ ሰው ልካችሁ እነዚህን ያሳያችሁ፣ የጎረቤት ግድግዳ ላይ የውሃ መስመር አለ ወይ፣ ዛፍ ላይ ጨርቅና ፌስታል ተንጠልጥሏል ወይ፣ በምን ያህል ከፍታ ላይ፣ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ከወንዙ በስንት ርቀት ነው የተሰሩት። አሮጌዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ሸሽተው አዳዲሶቹ ብቻ ታች ካሉ ነገሩ ገብቷችኋል። እናንተ ራሳችሁ ደሞ ላፕቶፕ ላይ ጎግል ኧርዝ ክፈቱና የድሮውን ምስል እያንሸራተቱ እዩት፣ ወንዙ ከአስር አመት በፊት የት ጋ ይታጠፍ እንደነበር፣ ቦታችሁ የተደለደለ ሙሌት መሆን አለመሆኑ ይታያል። ፍርስራሽና ቆሻሻ ደፍቶ ላዩን ቀይ አፈር አልብሶ የሚሸጥ አለ፣ ነሐሴ 2013 ላይ ደሞ ጎርፍ እዛው አዲስ አበባ ውስጥ ሰው እንደገደለ አትርሱ።

አፈሩስ? አቃቂ ጥቁር አፈር ነው፣ መረሬ። በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ ቤቱን ያነሳዋል ያወርደዋል። ከመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ካያችሁ እሱ ነው፣ ቀለም ቀብተው ይሸፍኑታል ግን በሚቀጥለው አመት ይመለሳል። የምታሰሩ ከሆነ ጥቁሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በሴሌክት (ለሙሌት ተመርጦ በሚመጣ) አፈር ወይ በቀይ አሽ ተሞልቶ በደንብ መጠቅጠቅ አለበት። ኮንትራክተር ብር የሚበላው እዚች ጋ ነው፣ ምክንያቱም መሰረት ከተሞላ በኋላ ማን ቆፍሮ ያያል? ስለዚህ ከመሞላቱ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ሜትር ተይዞ ፎቶ ይነሳ፣ የሴሌክቱ መኪና ሲገለብጥ ታርጋው እየታየ ቪዲዮ ይቀረጽ። ያኮርፋል፣ ያኩርፍ።

ወረቀቱ ጋ እንምጣ። ወንዝ ዳር ብዙው ቦታ ወይ የገበሬ ነው ወይ ሰነድ አልባ ነው። ገበሬው በሽማግሌ ፊት ፈርሞ የሰጣችሁ ወረቀት ውል አይባልም፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል፣ እናንተ ከፈላችሁ ማለት ባዶ አየር ገዛችሁ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰነድ አልባ ከሆነ ሻጩ "የ97 አለው" ይላችኋል፣ የ1997ቱ የአየር ካርታ ላይ ቤቱ ይታያል ማለቱ ነው። አፉን አትመኑ፣ ወረዳ ሄዶ የሚያይ ሰው ላኩ። ካርታ ያለው ቢሆንም እንኳን ፕላን ቢሮ ጋ ሂዱና ቦታው የወንዝ ዳርቻ ተብሎ ተከልሏል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በ2011 ሸገርን ማስዋብ ተብሎ ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ነው የታሰበው፣ ከዛ ወዲህ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ስንቱ ፈረሰ። ካሳው ደሞ ህጋዊ ይዞታ ላለው እንጂ ለጨረቃ ቤት አደለም።

ሌላ ሰው የሚሳሳትበት፣ ቦታው የማን ነው? አዲስ አበባ ነው ኦሮሚያ? በ2014 መጨረሻ ወሰኑ ሲካለል ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ፣ ቱሉ ዲምቱ ወደ አዲስ አበባ ሆነ፣ ገላንና ለገጣፎ የመሳሰሉት ደሞ በ2015 ሸገር ሲቲ (አዲስ አበባ ዙሪያ የተመሰረተው የኦሮሚያ ከተማ) ውስጥ ገቡ። መንገድ ተሻግሮ ሌላ መንግስት ነው። ስለዚህ የድሮ ሰነድ ይዛችሁ ከሆነ ፋይላችሁ አሁን የት ቢሮ እንዳለ በስልክ አትጠይቁ፣ ሰው በአካል ይሂድ፣ ሸገር ከሆነ ደሞ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይሂድ፣ ግማሹን ጣጣ ያቀልላችኋል።

ውክልና። እዚህ ነው ሰው ወንድሙን የሚያጣው። ኤምባሲ ደጅ ላይ ወይ ከኢንተርኔት የምታገኙት የተዘጋጀ ጽሁፍ "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ" እያለ ይዘረዝራል፣ ሰውም ሳያነብ ይፈርማል። የፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል፣ ማለትም እናንተ በግልጽ ካልጻፋችሁለት አይችልም፣ ከጻፋችሁለት ግን ይችላል። ግብር እንዲከፍል፣ ኪራይ እንዲሰበስብ፣ ቆጣሪ እንዲያስገባ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት እሱን ብቻ ጻፉ፣ የይዞታውን ቁጥርና ወረዳውን ጥቀሱ፣ የቀረውን ሰርዙት። ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ስትሽሩትም እንደዛው፣ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ "ከዛሬ ጀምሮ ውክልናዬን አንስቻለሁ" ማለት ምንም አደለም፣ ተጽፎ ተመዝግቦ ለሰውየውም መድረስ አለበት። ዜግነት የቀየራችሁ ደሞ ቢጫ ካርዳችሁን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) አውጡ፣ ካርታውን በዘመድ ስም አድርጎ በእምነት መቀመጥ ስንቱን ፍርድ ቤት እንዳቆመ እናውቃለን።

ዘበኛችሁን በደንብ ያዙት። የኔን እኔ በየወሩ እራሴ ነው የምደውልለት፣ ስለ ደሞዙ ብቻ አደለም፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል ገባ፣ እድር ላይ ምን ተባለ። ወረዳ መጥተው አጥር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ያደረጉ ቀን ከአክስቴ ልጅ በፊት የነገረኝ እሱ ነው። የሰፈሩ እድርም ውስጥ ግቡ፣ ወርሃዊው መዋጮ ስታርባክስ አንድ ቡና አይሆንም፣ ግን ስማችሁ መዝገብ ላይ አለ፣ ሰው "የማን ቤት ነው" ሲባል ያውቃችኋል።

የኔ ቦታ አሁን እንዴት ነው ለምትሉ፣ ሰርቪሱን አፍርሼ ላይ ጥግ ከፍ አድርጌ ሰራሁት፣ ታችኛው ግማሽ ባዶውን ነው ያለው፣ ዘበኛው ጎመን ዘርቶበታል (በወንዙ ውሃ እንዳያጠጣው ለምኜዋለሁ፣ ላይ ስንት ፋብሪካ እንደሚደፋበት እያወቅን)። ግንቦት ላይ ሁለት የቀን ሰራተኛ ይገባና ዲቹ (የጎርፍ ማፋሰሻው ቦይ) ይጠረጋል፣ ፎቶ ይላክልኛል። የድሮው አጥር አንዱ ጎን ሆን ብዬ ነው ያላስቀባሁት፣ ሶስተኛው ብሎኬት ላይ ያለው የጭቃ መስመር አሁንም አለ፣ ቦታ ልግዛ ብሎ የሚደውልልኝ ሁሉ መጀመሪያ የሱን ፎቶ ነው የምልክለት።