የቆዳ ሽፍታው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ
እኛ ጎጃም ቆዳ ላይ ሽፍታ ሲወጣ ቶሎ «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። እስኪ መጀመሪያ አንዱን እብጠት በእስክሪብቶ ክበቡትና ሰዓት ያዙ። ተራው የአለርጂ ሽፍታ ያሳክካል፣ ቦታ ይቀያይራል፣ እያንዳንዱ እብጠትም አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምልክት ሳይተው ይጠፋል። እዚያው ከቆየ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካቃጠለ፣ ሲጠፋም የበለዘ የሚመስል ጥቁረት ከተወ ግን የትንንሽ ደም ሥሮች መቆጣት ሊሆን ይችላል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይም፣ በእጃችሁ ዳስሱት። ፎቶ አንሱና ባሕር ዳርም ቢሆን ሄዳችሁ ለቆዳ ሐኪም አሳዩ። የሚረጋገጠው ከእብጠቱ ትንሽ ቆዳ ተወስዶ ሲመረመር ነው። ኩላሊትንም ሊነካ ስለሚችል ደምና ሽንት ይታያል። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ማሳከኩን ያቀላል እንጂ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበቃም። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት እባካችሁ ያለ ሐኪም አትጀምሩ፣ ከጀመራችሁም በድንገት አታቋርጡ። ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ የለም፣ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሩጡ።